ለቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርብ ሙዚቃ) ውድድር የቪዲዮ ቅጂ ለምታዘጋጁ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጥሩ ተጫውተው በቀረጻ ጉድለት ዕድላቸው የሚበላሽባቸው ወጣት ኳርቴቶች (የአራት ተጫዋቾች ቡድኖች) ያሳዝኑናል። በቅድሚያ ደንቡ ይነበብ፤ ብዙ ውድድሮች አንዱን ሙቭመንት (የሙዚቃውን አንድ ክፍል) ሳይቆራረጥ፣ በማይንቀሳቀስ ካሜራ ተቀርጾ ማየት ይፈልጋሉ።

በስልክ ማይክሮፎን አትተማመኑ። ስልኩ ዝግ ያለውን ድምፅ በራሱ ከፍ፣ የጎላውን ዝቅ ስለሚያደርግ በፒያኒሲሞ (እጅግ ዝግ ባለው) እና በፎርቴ (በጎላው) መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል፤ ለወራት የተለፋበት ነገር እዚያው ይቀራል። ስቴሪዮ መቅረጫ ከተገኘ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ ከተጫዋቾቹ ራስ ከፍ ብሎ ይቁም። ድምፅን በራሱ የሚያስተካክለውን አጥፉና በጣም በጎላው ክፍል ሞክሩት፤ በመቅረጫው የድምፅ መጠን ማሳያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤልን (-6) አይለፍ። በእንጨት ወለል ላይ ቼሎው ከገነነ ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፉ።

የኖታ ማስቀመጫውን ዝቅ አድርጉ፤ የአራታችሁም ፊት፣ እጅና ቀስት ይታይ። በቀን ከሦስት ሙሉ ቅጂ በላይ አትሞክሩ፣ ድካም ቅኝትን ያበላሻል። በየመሃሉም እንደገና ቃኙ።

ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ጭናችሁ «ፕራይቬት» ካላችሁት ዳኞች ሊከፍቱት አይችሉም፤ «አንሊስትድ» (ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ የሚያየው) አድርጉትና በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። የመዝጊያው «11:59» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውድድሩ አገር ሰዓት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር አስቀድማችሁ አስሉት፣ ኔትወርኩንም አትመኑ፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ።