ሦስተኛው ማራገቢያ የራዲያተር አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አሜሪካ የጭነት ባቡሮች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ቨርጂኒያ ያለን የባቡር ወዳጆች ተቀባብለን አንብበነዋል። ከሁለተኛው ፎቶ ሥር «ባለ 3,000 የፈረስ ጉልበቱ ጂፒ40-2» ብላችኋል። በፎቶው ላይ የቆመው ሎኮሞቲቭ ጂፒ38-2 ነው፤ ጉልበቱ 2,000 ነው። አንድ ሺህ የፈረስ ጉልበት የፊደል ግድፈት አይባልም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሁለቱም የአሜሪካው ሎኮሞቲቭ አምራች የኤሌክትሮ-ሞቲቭ ሥሪት ናቸው፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎን ለጎን ተመርተዋል። ርዝመታቸው እኩል 18 ሜትር ያህል፣ አክሰላቸው አራት አራት፣ ሲሊንደራቸው 16፣ ጋቢናቸውም ያው ነው። ስለዚህ ሰው ጣሪያ ላይ ይቆጥራል፦ ሞተሩን ከሚሸፍነው ረጅሙ ኮፈን ጫፍ ላይ ጂፒ38-2 ሁለት፣ ጂፒ40-2 ሦስት የራዲያተር ማራገቢያ አላቸው። ጸሐፊያችሁም ሦስት ቆጠረ። ሦስተኛዋ ግን የዳይናሚክ ፍሬን ማራገቢያ ናት! ቁልቁለት ላይ የጎማዎቹ ሞተሮች እንደ ጄኔሬተር ሆነው ባቡሩን ሲይዙት፣ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ በፍርግርግ ውስጥ አልፎ ሙቀት ይሆናል፤ ያንን ሙቀት ወደ ላይ የምታወጣው እሷ ናት። ቦታዋም ከኮፈኑ መሐል፣ ጎኑ አበጥ ካለበት በላይ ነው። ይህ ፍሬን ያለው ጂፒ40-2 ቢሆን ኖሮ በጠቅላላው አራት ይቆጠሩ ነበር።

በማራገቢያ ብቻ መፍረድም አደጋ አለው። ጂፒ39-2 የሚባል ባለ 12 ሲሊንደር፣ 2,300 የፈረስ ጉልበት ያለው ወንድማቸው አለ፤ የሱም የራዲያተር ማራገቢያዎች ሁለት ናቸው። ቱርቦው (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ተነቅሎ ወደ 2,000 ዝቅ የተደረጉ የቀድሞ ጂፒ40ዎችም አሉ፤ ሦስቱ ማራገቢያ ግን እንዳሉ ይቀራሉ። እውነቱን የሚናገረው ጭስ ማውጫው ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አንድ ወፍራም ጭስ ማውጫ አለው። ቱርቦ የሌለው ጂፒ38-2 ሁለት ቀጫጭን አሉት፤ አንዱ ከፍሬኑ ማራገቢያ ፊት፣ አንዱ ከኋላዋ። ፎቶአችሁን አጉልቶ ላየ ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የፊተኛው አፉ ጥላሸት ለብሷል። ከቀኝ በኩል ስለተነሣ ደግሞ ኮፈኑ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ የውሃ ልክ ማያ መስታወትም ትታያለች። እሷ ከሌለች ያ የቀድሞው ጂፒ38 ነው።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ጉዳይ ጽፈንላችኋል። የደረሰን መልስ «አንባቢያችን ለይቶ አያውቅም» የሚል ነበር። የትኛው አንባቢ? ድሬዳዋ ወርክሾፕ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲፈታና ሲገጥም ፀጉሩ የሸበተ ሰው አማርኛ አያነብም? የአንድ ኳስ ተጫዋች ማሊያ ቁጥር ብትሳሳቱ በማግሥቱ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ። የሎኮሞቲቭ ስም ሲሆን ለምን ማንም የማያውቀው ነገር ይሆናል? አንባቢን አላዋቂ አድርጎ መነሣት ንቀት ነው፤ ንቀቱም ተሰምቶናል።

እርማቱ ፎቶው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ይውጣልን። ፎቶውን ስትደግሙትም በድረ ገጻችሁ መግቢያ ላይ እንዳደረጋችሁት ጣሪያውን አትቁረጡት፤ ጭስ ማውጫዎቹ ያሉት እዚያ ነው።