ቡፌ ውስጥ የሚያረጁ ዲስኮች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰርግ ወጪ ጋዜጣ ላይ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰርጉ ቪዲዮ ግን ሲነሳ አላየሁም፣ እስቲ እኔ ላንሳው።

ማራኪ ያለው የእናቴ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ከተቀመጠበት ቡፌ ሥር 43 ዲስክ አለ። የእህቴ ሰርግ፣ የወንድሜ ልጅ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሁለት የጥምቀት፣ የቀረው ከፒያሳ የተገዛ ፊልምና ድራማ ነው። ዴኩ ከተበላሸ ቆየ። አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም። አንድ ቀን እማዬ ቡና እያፈላች «አባትህን እንኳ በዓመት አንዴ አየው ነበር» አለችኝ። አባቴ በሕይወት የለም። የእህቴ ሰርግ ላይ ግን አዝማሪው ስሙን እየጠራ ሲያወድሰው፣ እየሳቀ ተነስቶ አሥር ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እማዬ የምትፈልገው እሷን ቦታ ነው።

መጀመሪያ ለአንድ ቪዲዮ ቤት ሰጠሁ። በማግስቱ በፍላሽ መለሱልኝ። ስልኬ ላይ ሳየው ደህና ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ ስከፍተው ግን የአባቴ ፊት ሊጥ መሰለ። 4 ጊጋ የሚሞላውን ሰርግ 300 ሜጋ ውስጥ ጠቅጥቀውታል! ስነግራቸው «ጋሼ፣ ድሮም እንዲህ ነው» አሉኝ። አይደለም።

ከዚያ የዲስክ ማንበቢያ ተውሼ፣ በዩኤስቢ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ራሴ ገባሁበት። ዲስኩን ስትከፍቱት ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፣ ውስጡ ቪኦቢ የሚባሉ ፋይሎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋ ገደማ ሲሞሉ ይቆረጡና ቀጣዩ ይጀምራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ገልብጦ ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ ሰርጉ አለቀ ይላል። ፎልደሩን ሙሉውን ነው መገልበጥ። ሜክኤምኬቪ የሚባለው ፕሮግራም ቁርጥራጩን ምስሉን ሳይነካ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ማሳነስ ከፈለጋችሁ ሃንድብሬክ አለ፣ በነፃ ነው። ዲቪዲ የሚጠቀመው ኤምፔግ 2 የሚባል የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ቆየት ያለ ስለሆነ ቦታ ይበላል፣ ኤች 264 በሚባለው አዲሱ ዘዴ ሲጨመቅ የኛው 4 ጊጋ ወደ 1 ተኩል ወርዶ ዓይኔ ልዩነቱን አላየም።

አንድ ነገር ልጨምር። እስክስታው ላይ የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ከታያችሁ አትደንግጡ፣ ሃንድብሬክ ላይ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ማብራት ነው። ደግሞ እንደ አዲሶቹ ቪዲዮዎች 1080 መስመር ላድርገው ብላችሁ አትድከሙ። በኛ አገር ዲቪዲው ላይ ምስሉ ከላይ እስከ ታች 576 መስመር ነው፣ ብትለጥጡት ፋይሉ ይከብዳል እንጂ አይጠራም።

አሁን ላፕቶፑ መኝታ ቤት ነው ያለው፣ ቪዲዮውን ለቤቱ ቴሌቪዥን የሚያካፍል ጄሊፊን የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ሆኖ በቤቱ ዋይፋይ ይስባል። ወንድሜ «ዳታችንን ሊጨርሰው ነው» ብሎ ሲጮህ ነበር። ከመኝታ ቤት ሳሎን ለመምጣት ምን ዳታ ያስፈልጋል? ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ይሠራል። መብራት ሲሄድ ግን ራውተሩም ቴሌቪዥኑም አብረው ይሄዳሉ፣ እሱን እንግዲህ አልቻልኩም። ለአክስቴ በፍላሽ ነው የሰጠኋት። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የበለጠ ፋይል አይቀበልም፣ እኔ ይህን እስካውቅ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

የተገዙት ፊልሞች ላይ እንዳይገለበጡ ቁልፍ የተደረገባቸው አሉ። የቤት ሰርግ ላይ ግን ቁልፍ የለም፣ ስለዚህ ሰበብ የለንም። የተገዛ ፊልም ገልብጦ መሸጥ ደግሞ የሰው ላብ መስረቅ ነው፣ እሱን አላወራም።

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። ከ43ቱ 5ቱ አልተነበቡም። ፋብሪካ የሚያትማቸው ዲስኮች ምስሉ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ነው የሚመጣው። ቪዲዮ ቤት በርን የተደረገው ግን መረጃውን የሚይዘው ቀለም ነው፣ ፀሐይና ሙቀት ያደክመዋል። የኛ ቡፌ መስኮቱ ሥር ነበር። ከጭረት ነው ብዬ ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ሌላ ማንበቢያ ሞከርሁ፣ ወይ ፍንክች። ከአምስቱ አንዱ የ1999 ጥምቀት ነው። ጥምቀት በ2012 በዩኔስኮ ከመመዝገቡ ከዓመታት በፊት፣ የፋሲለደስ ውኃ ዳር፣ ከነጎረቤቶቻችን። የቀረጸውን ሰውዬ ፈልጌ አገኘሁት፣ ደግ ሰው ነው፣ ጨዋታ አወቀ። ካሴቱን ስጠይቀው ግን ሳቀ። «ያኔውኑ ሌላ ሰርግ ቀረጽሁበት» አለኝ።

ስለዚህ ጎንደር ላይ ሰርግ የምትቀርጹ ልጆች፣ አልበሙንና ያማረውን ማሸጊያ ስታስረክቡ ያልተጨመቀውን ፋይልም በሃርድ ዲስክ ስጡን፣ ከፍለን እንወስዳለን። የአሮጌ ዲስክ ባለቤቶች ደግሞ፣ ከገለበጣችሁ በኋላ ዲስኩን አትጣሉት፣ እኔ ያንን ሊጥ የመሰለ ፋይል ተማምኜ ጥዬው ቢሆን ኖሮ አባቴ እንደዚያው በቀረ ነበር። በ1999 ጥምቀት ፋሲለደስ የተቀረጸ ያላችሁም ብትኖሩ፣ በዚሁ ጋዜጣ በኩል አሳውቁኝ፣ ማንበቢያውን ይዤ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ማራኪ