የፊልም ክበብ፦ ውኃ የምትፈራው ታንኳ

የፊልም ክበባችን የዘንድሮ ሥራውን የጀመረው አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው የሚኖሩበትን፣ ኅዳር 1988 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የወጣውን "ቶይ ስቶሪ" የተባለ የቤተሰብ ፊልም በማየት ነው። ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም መሆኑን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ተማሪዎቹን የያዛቸው ግን የአሮጌው የካውቦይ አሻንጉሊት ጭንቀት ነው፤ አዲስ ጠፈርተኛ አሻንጉሊት ቤት ሲገባ "ልጁ ይረሳኛል" ብሎ ይሰጋል። ታናሽ የተወለደበት ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ክርክሩ የክበቡ ሰዓት አልፎ እንኳ አልበረደም።

ቀጥሎ የራሳችንን ፊልም ለመሥራት ተነሣን። ከየቤቱ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ የሽቦ መኪና፣ የጭቃ ጉማሬ፣ ከደንገል የታሰረች ትንሽ ታንኳ መጡ። የመጀመሪያው ድርሰት ሕይወት አልነበረውም፤ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይጨፍራል፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው የለም። መንገዱን ያሳየችን ታንኳዋን ያመጣችው የ6ኛ ክፍል ተማሪ ናት፦ "ታንኳ እኮ ውኃ ትፈራለች!"

እውነቷን ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የጣና ታንኳ ከሐይቁ ወጥታ ፀሐይ ላይ ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ውላ አድራም ትበሰብሳለች። እንጀራዋም ጠላቷም ውኃ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ተከታትለው መጡ፤ በእሳት ያልተተኮሰው የጭቃ ጉማሬ ዝናብን፣ የሽቦ መኪናው ዝገትን፣ የጨርቋ አሻንጉሊት አይጥን ይፈሩ ጀመር። አሻንጉሊት ነፍስ የሚዘራው ከተሠራበት ነገር የሚመነጭ ስጋትና ምኞት ሲኖረው እንደሆነ በዚህ ሥራ አምኛለሁ።

ቀረጻው በስልክ ካሜራ፣ ፎቶ በፎቶ ነበር፤ አሻንጉሊቱን ጥቂት ማንቀሳቀስ፣ እጅን ማራቅ፣ ፎቶ ማንሳት። ለ1 ሰከንድ 12 ፎቶ፣ ለ1 ደቂቃ 720 ፎቶ ማለት ነው። ከሁሉ ያስቸገረን የመስኮቱ ብርሃን ነው፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ታንኳዋ በአንዲት ጉዞ ውስጥ ትፈካለች፣ ትጠቁራለች። መጋረጃ ዘግተን በአምፖል ሠራን፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራውም ይቆም ነበር። የውጪውን ቀረጻ ነፋስ ሳይነሣ ማለዳ ሐይቁ ዳር አደረግነው።

በጣም የኮራሁበት ግኝት የአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ታንኳዋ ውኃ እየጠጣች መክበዷን እንዴት እናሳይ ስንል፣ በየፎቶው የምትራመደውን ርቀት እያሳጠረ ሄደ። ያለ አንዳች ንግግር ተመልካች ክብደቱን አየ። በወላጆች በዓል ፊልሙ ሲታይ ሕፃናቱ "አውጧት! አውጧት!" እያሉ ጮኹ።

ፊልሙ ገና ድምፅ የለውም። በመስከረም የቀዘፋውንና የማዕበሉን ድምፅ ከሐይቁ ዳር እንቀዳለን፤ ለጉማሬውም ወፍራም ድምፅ ያለው ተማሪ እንፈልጋለን። መሳተፍ የምትፈልጉ ከወዲሁ ለክበቡ ጸሐፊ ንገሩ፤ ቤት ውስጥ የቆየ አሻንጉሊት ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።