ደንገል ያጨዱትን ሽማግሌ ቀጥታችሁ፣ ደንገሉን የቀበረውን ለምን ተዋችሁት?

የጣናን ዳርቻ የመጠበቅ ኃላፊነት ለተሰጠዎት ባለሥልጣን

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለቢሮዎ የጻፍኩት መልስ ስላጣ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ የውኃ ሽታ ሆነ። ስመላለስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ለባለሙያ ተመርቷል»፣ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል» እባላለሁ። የእርስዎንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም እዚህ አልጠራም፤ ነገሩ የግል ጸብ እንዲመስል አልፈልግም። ማን እንደተጻፈለት ግን እርስዎ ያውቁታል።

ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ማስጎብኘት ነው። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ የማልፍበት የደንገል ረግረግ አለ፤ ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውኃ ዳር ተክል ነው። ባለፈው በጋ ገልባጭ መኪኖች አፈርና የሕንፃ ፍርስራሽ ይደፉበት ጀመር። በሌሊት ተደብቀው ቢሆን «አላየንም» ትሉ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ነው። አፈሩ ሲደፋበት ደንገሉ መጀመሪያ ይጎብጣል። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለው ጎፈሬ ብቻ ከፍርስራሹ በላይ ይቀራል። ሳምንት ሳይሞላ እሱም ይደርቃል።

ከዚያው ረግረግ ጎን ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ። በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው፤ ሙያውን ከአባታቸው ነው የተማሩት። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፣ ይጠፍራሉ። እንግዶቼ ከገዳማቱ እኩል ፎቶ የሚያነሱት እሳቸውን ነው።

አንድ ጠዋት እንግዶች ይዤ ስደርስ ሽማግሌውን ሁለት ሰዎች አቁመዋቸዋል። አንደኛው የደረሰኝ ጥራዝ ይዟል። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። «ከጥብቅ ቦታ ደንገል አጭደዋል» ተባልኩ። የታሰረው ደንገል ተወሰደ፤ ማጭዳቸውም አብሮ ተወሰደ። ቅጣቱ ተጻፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጀርባቸው፣ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት፣ አንድ ገልባጭ መኪና አልጋውን አንሥቶ እዚያው ደንገል ላይ ፍርስራሽ ይደፋ ነበር። የሞተሩ ጩኸት እያደናቀፈው ሰውየው ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ነው የቅጣቱን ልክ የነገራቸው። ወደ መኪናው ግን ዞር ብሎ አላየም። «ያኛውስ?» አልኩት። «እሱ ፈቃድ ይኖረዋል» አለኝ። ይኖረዋል! አልጠየቀውም። ወረቀት አሳየኝ አላለውም።

ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም። ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ነገር ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ክቡር ኃላፊ፣ ደንገል ሲታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ነው ያለው። ፍርስራሽ የተደፋበት ደንገል ግን አበቃለት። ይህን ለማወቅ ባለሙያ ፊልድ መውጣት አያስፈልገውም። ታዲያ ሕጉ ሽማግሌው ላይ ሲደርስ ጥርስ አውጥቶ፣ መኪናው ላይ ሲደርስ ለምን ይጠፋል?

ቢሮዎ ስሄድ አንድ ሠራተኛ «መሬቱ ያንተ ነው? ምን አገባህ?» ብሎኛል። የሚያገባኝን ልንገርዎ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። እነዚህን አንቀጾች እኔ ላስተምርዎ አልመጣሁም፤ በየሥልጠናው የሚጠቅሷቸው እናንተ ናችሁ። «ምን አገባህ?» የሚል መልስ ግን የትኛውም አንቀጽ ውስጥ የለም።

ረግረጉን ባዶ መሬት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ጣና ግን በጣም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራራው የታጠበ አፈር ይዘውበት ይገባሉ። ያንን አፈር፣ ከእርሻው የሚታጠበውን ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደውን ቆሻሻ ዳር ላይ ይዞ የሚያስቀር ደንገልና ፊላ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚራቡት በዚሁ ዳር ዳር ባለ ሣርና ረግረግ ውስጥ ነው። ዓሣ አጥማጁ «ዓሣው የት ገባ?» ሲል መልሱ ግማሹ እዚህ ነው።

ስለ እምቦጭም ላንሳ። ጣና ላይ መታየት ከጀመረ፣ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ፣ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅለው ኖሯል! የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቅሏል። ተማሪው ዘምቷል። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳይቀሩ ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ገዝተው ልከዋል። እምቦጭ የሚፋፋው ውኃው ውስጥ በሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ያንን የሚያጣራውን ረግረግ በአንድ በኩል እያስቀበርን፣ በሌላ በኩል ሕዝቡን «ና ንቀል» ማለት ምን የሚሉት ነው? የዚያ ሁሉ ሰው ድካም ያሳዝነኛል።

ቱሪዝሙ ጉዳይዎ ከሆነም ልንገርዎ፤ በስብሰባ ላይ «ዘላቂ ቱሪዝም» ሲሉ ሰምቼዎታለሁና። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ቦታነት፣ መዝግቦታል። ይህን ለእንግዶቼ በኩራት እናገራለሁ። እንግዳው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ሲመለስ ዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ማየት ይፈልጋል። ጉማሬው ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል። ዳሩን ሁሉ አፈርና አጥር ከያዘው የት ይወጣል? ወደ ሰው ማሳ ነው የሚሄደው። ከዚያ ገበሬው ይጎዳል፣ ጉማሬውም ይገደላል። ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡት ወፎችም የሚያርፉት በዚሁ በጣና ዙሪያ ባለው ረግረግ ላይ ነው። ጢስ ዓባይን አንድ ጊዜ አይተናል። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ፏፏቴው ቀጠነ፣ እንግዳውም ቀረ፤ የመንደሩ አስጎብኚዎች ናቸው የተጎዱት። እዚያ ቢያንስ «መብራት አገኘን» ይባላል። እዚህ ምን አገኘን ልንል ነው?

አንዲት ጀልባ ስትንቀሳቀስ ጀልባ ነጂው ይበላል፣ ቡና የምታፈላዋ ትበላለች፣ ትንንሽ ታንኳ ለመታሰቢያ የሚሸጠው ልጅ ይበላል። ይህ ገቢ ፍርስራሽ ክምር ለማየት ከሚመጣ ቱሪስት አይገኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአፈር መድፋቱ ዛሬ ይቁም። ፈቃድ አለ ከተባለ ፈቃዱና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ለሕዝብ ይታይ፤ ፈቃድ ከሌለ ደፊው ራሱ ያንሣው። የዳርቻው ወሰን ካርታ ላይ ብቻ አይቅር፤ ነዋሪው ባለበት መሬት ላይ ችካል ይተከል። ታንኳ ሠሪዎች ደግሞ በተራ፣ በተከለለላቸው ቦታ እንዲያጭዱ ይፈቀድላቸው። ደንገሉ እንዲኖር ከማንም በላይ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ እንጀራቸው ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የሽማግሌውን ማጭድ መልሱላቸው። የተቀበላችሁትንም የቅጣት ገንዘብ መልሱላቸው።

ማመልከቻዬ ከገባ 30 ቀን አልፎታል። አዋጁ ከዚያ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ 60 ቀን ይሰጠኛል፤ እሱም እየተቆጠረ ነው። ሌሎች ጀልባ ነጂዎችም አብረውኝ ለመፈረም ተስማምተዋል። ደረሰኙን አይቼዋለሁ፤ መኪናው ሲደፋ ያነሣሁት ፎቶ አለኝ፤ ማመልከቻው የገባበት ቁጥር እናንተ ዘንድ አለ። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ክሱን አስገባለሁ።