የደራስያን ፊርማ ከመጽሐፉ አይለይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንድ ወቅት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ የኖሩ፣ ዛሬ ግን በዕድሜ የገፉ አንባቢዎች ብቻ የሚያስታውሷቸውን ልብ ወለዶች፣ በተለይ ደራስያኑ ራሳቸው የፈረሙባቸውን፣ ሳሰባስብ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በቅርቡ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ የማሞ ውድነህን የስለላ መጽሐፍ ሳገላብጥ የመጀመሪያው ቅጠል በምላጭ ተቆርጦ አገኘሁት። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ፊርማው ያረፈበት ቅጠል ለብቻው ለሌላ ደንበኛ መሸጡን ነጋዴው ሳይደብቅ ነገረኝ።

ገዢው ቅርስ ያዳነ መስሎት ይሆናል። ሆኖም ፊርማ ብዙ የሚናገረው መጽሐፉ ላይ እንዳለ ሲቆይ ነው። በዓሉ ግርማን እናንሳ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ስለዚህ በዚያ መጽሐፍ ላይ የእጁ ጽሑፍ ቢገኝ፣ ቀን ባይጻፍበት እንኳ፣ በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ የተፈረመ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይመሰክርለታል፤ ተገንጥሎ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ ባዶ ቅጠል ግን ይህን ምስክር አጥቷል፣ አስመስሎ ለሚፈርምም በር ይከፍታል።

ቅጠሉን የሚገነጥሉት ነጋዴዎች ብቻ አይደሉም። ባለመጽሐፉ ሲያርፍ ቤተሰቡ መጻሕፍቱን ከመሸጡ በፊት «ለወዳጄ ለእገሌ» የሚለውን ገጽ ቀድዶ ይጥላል፤ የአባት ስም በየመንገዱ እንዳይታይ ማሰቡ ይገባኛል። ነገር ግን ደራሲው ያን መጽሐፍ ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደ ሰጠ የሚነግረን ሌላ ሰነድ ላይኖር ይችላል። ስሙ እንዳይታይ የሚፈልግ ቤተሰብ መጽሐፉን ወደ ገበያ ከሚያወጣው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክር ቢሰጠው እመርጣለሁ።

ሌላው ቅር የሚያሰኘኝ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የሁለት ወይም የሦስት ታላላቅ ደራስያንን ፊርማ ብቻ መሆኑ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስለ ተተረከ፣ ያላነበበውም ሰው የሐዲስ ዓለማየሁን ስም ያውቃል። የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» ግን ተፈርሞበትም ቢሆን ከሌሎች አሮጌ መጻሕፍት ጋር ተከምሮ አግኝቼዋለሁ፤ ብርሃኑን የሚያህል ደራሲና የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ እንዲህ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ጋዜጣችሁ በቤታቸው የተፈረመ መጽሐፍ ያላቸውን አንባቢዎች፣ ከማን እጅ፣ የትና መቼ እንዳገኙት ጽፈው እንዲልኩ ቢጋብዝ ብዙ ይሰበሰብ ነበር፤ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። እኔም ለዚያ ነጋዴ፣ ለቅጠሉ በሚጠይቀው ዋጋ ሙሉውን መጽሐፍ እንደምወስድ ነግሬዋለሁ። እስካሁን ሁለት የተፈረሙ መጻሕፍት ቅጠላቸውን ሳይቆርጥ አቆይቶልኛል።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ