ስለ ሠራኸው ባትሪ

ልጄ፣

የላክኸውን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። አባትህ «ልጄ እጁ ወርቅ ነው» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቷል። እኔ ግን ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ያረፈው ናስትሮ የጠቀለልክባቸው ቦታዎች ላይ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ሦስት ድንጋይ አውጥተህ ለስልክህና ለመብራትህ ኃይል ማግኘትህ ደስ ይላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ማታ ደብተር የሚያርም መምህር ሌላ ምን ያድርግ? ተወው አልልህም። እንዲህ እንዳለ ግን አልጋህ አጠገብ አይደር።

እኛ ቤት የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ጥቂት ቀን እናሠራው ነበር። ይህኛው እንዲህ ያለ ጨዋታ አይወድም። የሊቲየም ድንጋይ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ መሞላት የለበትም። ከ2.5 ቮልት በታችም መውረድ የለበትም፤ ከዚያ በጣም ከወረደ በውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ ያ መዳብ በኋላ ከውስጥ ኮንታክት ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ከ2 ቮልት በታች ሆኖ ያገኘኸውን ድንጋይ ላድነው ብለህ አትድከም።

ሰው 4 ቮልት ሲባል ይንቃል፤ እጅ አይነዝርምና። የኦምን ሕግ ግን አስብ። የድንጋዩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 0.05 ኦም ቢሆን ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ሲነካኩ ስሌቱ ከ70 አምፔር በላይ ይሰጥሃል። ሽቦው ወዲያው ይግላል፤ ድንጋዩም ይከተላል። በፎቶግራፉ ላይ የመካከለኛው ድንጋይ ልባስ ከላይ በኩል ተቀዷል። የዚህ ድንጋይ አካል እስከ አንገቱ ድረስ ኔጋቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ጫፉ ላይ ያለችው ክፍል ብቻ ናት፤ ሁለቱን የሚለያቸውም ቀጭን ቀለበት ነው። አንተ ደግሞ የፖዘቲቩን ሽቦ በዚያ ቀዳዳ ላይ አሳልፈሃል! ያንን ድንጋይ ዛሬውኑ አውጣው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስታገናኛቸው ቮልታቸውን ለክተህ ነበር? አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.3 ከሆነ በተነካኩበት ቅጽበት ሙሉው ወደ ባዶው 8 አምፔር ያህል ይገፋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ሞልተህ እኩል ማድረግ አለብህ። በስታኞ መበየዱንም ተው፤ የመበየጃው ሙቀት ውስጡን ይጎዳል። ማቀፊያ ውስጥ ይግቡ።

ከሁሉ በላይ የጎደለህ ፊውዝ ነው። ስልክህ በ5 ቮልት 1 አምፔር ቢወስድ፣ ቮልት ከፍ የሚያደርገው ካርድ ከሚያባክነው ጋር ከባትሪው የሚወጣው 1.6 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ግጠመው፤ ርቆ ከተቀመጠ ከእሱ በፊት ያለውን ሽቦ ማን ይጠብቀዋል? ለመሙያም ባለ ቲፒ 4056 ካርድ ግዛ። መከላከያ ያለው ዓይነት ለባትሪው ሁለት፣ ለውጪው ደግሞ ሌላ ሁለት መግጠሚያ አለው። አራቱንም ካላየህ አትውሰድ። አዲስ ድንጋይ ልግዛ ካልክም «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ አያታልልህ፤ በዚያ መጠን ያለ ድንጋይ የዚያን ግማሽ እንኳ አይዝም።

ያለህበት የአሳይታ ሙቀት ደግሞ ያሳስበኛል። እነዚህ ድንጋዮች ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ መሞላት የለባቸውም፤ አንተ ግን ባትሪውን ከሶላሩ ጋር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውጥተኸዋል። ሶላሩ ፀሐይ ይሙቅ፤ ባትሪው ጥላ ውስጥ ይሁን። ነቅተህ ሳለህ ሙላው፤ ሲያብጥ ወይም እንግዳ ሽታ ሲሸትህ ነቅለህ ወደ ውጭ አውጣው። ጭስ ከጀመረ ግን አትንካው፤ ጭሱ መርዝ ነውና ቤቱን ለቀህ ውጣ።

ራዲዮህ ሁለት ተራ ድንጋይ የሚበላ፣ ማለትም በ3 ቮልት የሚሠራ ነው። ሊቲየሙን በቀጥታ አትስጠው። ሁለት የሚሞሉ የኒኬል ድንጋዮች ከነቻርጀራቸው ልኬልሃለሁ፤ አንድ ላይ 2.4 ቮልት ናቸው፤ ራዲዮ በደንብ ያናግራሉ።

ፊውዙን፣ ማቀፊያዎቹንና ቴስተሩን ከበርበሬው ጋር ጠቅልዬ ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ቴስተሩ የአባትህ ነው፤ ለፋሲካ ስትመጣ ይዘኸው ና። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለክተህ ቁጥራቸውን በስልክ ንገረኝ፤ እስከዚያ ተለያይተው ይቀመጡ።

እናትህ