ልጆቻችንን ከዳይፐር ስለማላቀቅ

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «ፖፖ ማለማመድ መቼ ልጀምር?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። እባካችሁ ዕድሜ ብቻ አትቁጠሩ። አብዛኞቹ ልጆች ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሳቸው ምልክት ይሰጣሉ፤ ዳይፐሩ 2 ሰዓት ያህል ደርቆ ይቆያል፣ ሱሪ ዝቅ ለማድረግ ይታገላሉ፣ ሰገራ ሲመጣባቸው ጥግ ይዘው ዝም ይላሉ። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ልጁን ተከተሉ ሲሉ የጻፉት ይህንኑ ነበር።

ቀደም ብሎ ፖፖውን ማስተዋወቅ ችግር የለውም። የሚጎዳው ማስገደድ ነው።

ከምግብ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመቻል፤ ሆድ ሲሞላ ትልቁ አንጀት ይነቃቃልና። ለ5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ እግሩ ወለል ይርገጥ እንጂ አይንጠልጠል። ካልመጣለት ያለ ወቀሳ ይነሣ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የሆድ ድርቀትን አትናቁ! አንዴ ያመመው ልጅ ፈርቶ ሰገራውን ይይዛል፤ የተያዘው ይደርቃል፤ ሲወጣ የበለጠ ያምማል። እኛ «እልኸኛ» የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያመው ልጅ ነው። እንዲህ ከሆነ ልምምዱን አቁሙ፣ ውሃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሩለት፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ቁጣማ ፈጽሞ አይሁን።

ሴት ልጆችን ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ አስተምሯቸው።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ነው። ቀን ቀን ደርቆ የሚውል ልጅ እስከ 5 ዓመቱ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ሌሊት ሊያረጥብ ይችላል፤ ሰውነቱ ገና ስላልደረሰ ነውና አንሶላውን ዝም ብላችሁ ቀይሩለት።